ጥርሱ የጎደለ ጡሩምባ ነፊ

ጥርስም ቀን መርጦ ይከዳል። የሃምሳ አለቃ ትሬፓን ራዋት የፊት ጥርስ በአኩሪ አተር ቆሎ የተሰበረው ጡረታ በሚወጣበት ዕለት ረፋድ ላይ ነው።

በሰሜን ሕንድ በሚገኘው የጋርዋል ተራራ ጦር ሰፈር ፀሐይ ስትገባ ባንዲራ ይወርዳል፤ ጡሩምባው ሲነፋ መኪናውም ሻይ ሻጩም ባሉበት ቀጥ ይላሉ። ከሸለቆው ማዶ ደግሞ ዓይናቸው የጠፋው አባቱ ካላም ከአልጋቸው ተነስተው ይቆማሉ። በጦርነት ቆስለው በረዶ ውስጥ በቀሩበት ምሽት ወደ ሰፈር የመለሳቸው ይኸው ጥሪ ነው። ልጃቸው ሲነፋ የሚሰሙት ዛሬ ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

ወጣቱ ሻምበል አፉን አይቶ ደነገጠ። «ከፍተኛዋን ድምፅ ያወጧታል?»

«አላወጣትም፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ቴፑን እንክፈት። ጄኔራሉ ዛሬ እዚህ ይገኛሉ።»

«ጌታዬ፣ ጥሪው ለጄኔራል ጆሮ አልተፈጠረም። ድሮ ፀሐይ ስትገባ ውጊያ ይቆም ነበር፤ ሜዳ ላይ ወድቆ የቀረ ሰው ሰፈሩ ወዴት እንደሆነ የሚያውቀው በጡሩምባው ነበር። የሚጠብቀው ሰው እንዳለ የሚነግረው የነፊው ትንፋሽ ነው። ቴፕ ምን ትንፋሽ አለው?»

ሻምበሉ ተከዘ። «ይንፉ። ጣጣው የእኔ ነው።»

ትሬፓን ክፍተቱን በሰም ደፍኖ ነፋ። ከፍተኛዋ ድምፅ ላይ ሲደርስ ሰሙ ተፈናጠረና ትንፋሹ ፉሽ ብሎ አመለጠ። ቆመ፤ አየር ሳበ፤ ከቀጣዩ ድምፅ ጀምሮ እስከ መጨረሻው አደረሰው። ከተሰለፉት ምልምል ወታደሮች አንዱ ሳቁን ዋጠ። ትሬፓን ጆሮው እስኪግል አፈረ።

ሸለቆውን ተሻግሮ ቤቱ ሲደርስ አባቱ ግቢው ውስጥ እንደቆሙ ናቸው።

«አባባ፣ ይቀመጡ እንጂ። አበላሸሁት።»

«ማን ነው ያለህ? ያኔ በረዶው ውስጥ የጠራን ነፊ ከንፈሩን ጥይት ተልትሎት ነበር። እዚያችው ቦታ ላይ ድምፁ ጠፋ፤ ቆየና ቀጠለ። እሱን ተከትለን አሥራ አንዳችን ገባን። ሃያ አራት ዓመት አሳምረህ ነፋህ፣ ኮራሁብህ። ዛሬ ግን ጠራኸኝ።»

የትሬፓን እንባ መጣ። ሽማግሌው ፊቱን ዳብሰው ክፍተቱን በጣታቸው አገኙት።

«በምን ሰበርከው?»

«በቆሎ።»

«ለጎረቤት በጥይት ነው እንላለን» አሉና ተቀመጡ።