ተጠሪዬ በቀኜ ተቀምጧል

እና ስልኬን መዝጋቴ ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል፣ ከአማች ጋር ፊልም ገብቶ ስልክ ክፍት መተው ነውር ነው ብዬ ገና በበሩ ላይ ዘጋሁት፣ አበዳሪዎቼ ደግሞ የተበዳሪው ስልክ ዝግ ሲሆን ለተጠሪው ይደውላሉ፣ ደንባቸው ነው፣ በገዛ እጄ በቅጹ ላይ የሞላሁት ተጠሪ ይኸው በቀኜ ተቀምጦ፣ ሁለቴ ቢደወልለትም ሳያነሳ፣ ፈንዲሻ ይቆረጥማል።

ኻሬ። ልጁ አንኩር ሐሙስ ለልጄ ለቫርቲካ ቀለበት የሚያስርላት ኻሬ።

ያን ጊዜ አማች አልነበረም፣ በመሥሪያ ቤት ከጎኔ ያለው ጠረጴዛ ባለቤት ነበረ እንጂ፣ ቴሌቪዥን በብድር ስገዛ የሱቁ ሻጭ ሁለት ተጠሪ ይጻፉ ሲለኝ የእርሱን ቁጥር በቃሌ አውቀው ነበርና ጻፍኩት፣ ሁለተኛው የወንድሜ ነው፣ ወንድሜ ሞቷል፣ አያነሳም።

ቴሌቪዥኑ ምን በደለ። ለዲዋሊ በዓል፣ ያለ ወለድ፣ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ተብሎ ቤቴ የገባ ቴሌቪዥን፣ ኻሬ ክሪኬት ሊያይበት መጣ፣ ቫርቲካ ውኃ አቀረበችለት፣ ዓይኑ ከጨዋታው ወደ እርሷ ዞረ፣ ኒጋም ወንድሜ፣ ይህቺን ልጅ ለእኛ ብትሰጠን ምን ይመስልሃል አለኝ፣ በዚያው ቴሌቪዥን ፊት፣ ከዚያ የቴሌቪዥኑን ወርኃዊ ክፍያ ለመክፈል ሌላ ብድር፣ ያንን ለመክፈል ደግሞ ብድር ተፈቅዶልዎታል ብሎ በስልክ የመጣው፣ ልቡናዬ አንብቦ ሳይጨርስ አውራ ጣቴ እሺ አለ።

ሳቅ። የካንፑር ከተማ ሰው ሁሉ ቅዳሜ ቀትር ላይ እዚህ ተሰብስቦ ይስቃል። በሸራው ላይ ዕዳ ሰብሳቢዎቹ የአንዱን ምስኪን ማቀዝቀዣ ከነአትክልቱ ተሸክመው ይወርዳሉ፣ አበባ ጎመኑ ደረጃ ለደረጃ ይንከባለላል፣ ባለዕዳው በጣሪያው ሮቶ ውስጥ እስከ አንገቱ ገብቶ ይንቀጠቀጣል፣ ኻሬ በክርኑ ይጎስመኛል፣ እየው እየው ይህን ዓይን አውጣ፣ መክፈል ካቃተህ ማን ተበደር አለህ፣ አንተ አትስቅም እንዴ፣ እስቃለሁ፣ ይኸው፣ ጥርሴ ይስቃል።

የኻሬ ስልክ በጭኑ ላይ ይበራል። ሦስተኛው ጥሪ ነው። የማላውቀው ቁጥር፣ ይላል፣ ሰው አያስቀምጡም እነዚህ፣ ይዘጋዋል። እኔ አውቀዋለሁ። መጨረሻው ሰባት ሰባት ሁለት፣ ሶኑ ነው፣ የአበዳሪዎቹ ደዋይ፣ ለእኔ ሲደውል የቴሌቪዥኑ ምስል ጥርት ይልልዎታል አጎቴ ይለኛል፣ እኛም አምስት ስድስት ሆነን መጥተን እንይበት ይሆን፣ ስለ ሻይ አይጨነቁ፣ ይዘን እንመጣለን። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ስድብ እንኳ ቢሆን ይሻል ነበር።

ልውጣ። በግራዬ ቫርቲካ፣ ከእርሷ ወዲያ አንኩር፣ ከአንኩር ወዲያ የማላውቀው ሰው ጉልበት ሁሉ፣ ደግሞስ ብወጣ፣ የኻሬ ስልክ እዚሁ ይቀራል። ሐሙስ ብቻ ይለፍ። ሐሙስ ካለፈ በኋላ ቢሰማ ምን ይሆናል፣ ቀለበቱ ገብቷል፣ ማን ያወልቀዋል፣ አሁን እንዲህ ያልኩት እኔ ነኝን፣ እኔ፣ በየማለዳው በአምላክ ፊት መብራት የማበራ ሰው፣ የልጄን ትዳር በዝምታ ልሸምት።

አራተኛው።

ጩኸቱ አያሰማኝም፣ ይላል ኻሬ፣ ቫርቲካ ልጄ፣ እስኪ ውጪና አነጋግሪልኝ፣ ከባንክ ከሆነ ምንም አንፈልግም በይው፣ ስልኩን በፊቴ አሻግሮ ይዘረጋል። እሺ አባባ። እርሱን አባባ ማለት ከጀመረች ገና ሳምንቷ ነው። እጇ ይመጣል።

ገና ሳትነሳ ይታየኛል፣ ትወጣለች፣ በመጸዳጃው በር አጠገብ ቆማ አንድ ባዕድ ሰው ስለ አባቷ የሚለውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ታዳምጣለች፣ ከዚያ ተመልሳ ትቀመጣለች፣ ከባንክ ነው፣ አንፈልግም አልኩት፣ ትላለች፣ ልጄን አውቃታለሁ፣ ደግሞም ትስቃለች፣ ከሰው ጋር እኩል፣ ይህንንም ይዛ ሐሙስን ታልፋለች፣ በሰው ቤት ስትኖር ዕድሜዋን ሁሉ ስለ እኔ ትዋሻለች።

ጣቶቿ ደርሰዋል። ጣቶቼ ቀድመው ስልኩን ይይዛሉ።

ኒጋም፣ ያንተ ስልክ አይደለም እኮ፣ ይላል ኻሬ እየሳቀ። ለእኔ ነው፣ እላለሁ፣ አልነሳም፣ አልወጣም፣ እዚሁ በሁለቱ መካከል አረንጓዴውን እጫናለሁ፣ ሃሎ፣ አዎ ሶኑ፣ ኒጋም ነኝ፣ ራሴ ነኝ፣ ኻሬም አጠገቤ አለ፣ እየሰማ ነው።