ሰባተኛ ፎቅ የሚወጣ ይቅርታ

ጠበቃው ሁልጊዜ የሚያሸንፍ ሰው ነበር፤ መከራውም እሱ ነው። ነጻ የሕግ ድጋፍ በሚሰጥ ማዕከል ውስጥ፣ አንድ እግሩ በተሰነጠቀ ወንበር ላይ ተቀምጦ ክስ ይጽፋል። ክሱ ገና ሳይሰማ ግን ከሳሹ የጠየቀው ሁሉ ይሰጠውና መርቆት ይሄዳል፤ መዝገቡም ይዘጋል። ማታ ቤቱ ገብቶ ሲተክዝ ሚስቱ፣ «ሰው ተሸንፎ ያለቅሳል፤ አንተን እያሸነፍክ ምን ያስለቅስሃል?» ትለዋለች።

የሚያስለቅሰው አሳንሰር ነበር። አንድ አከራይ መሥሪያ ቤት ሰማይ ጠቀስ ሕንጻዎቹን በሙሉ ለድኻ አከራይቶ ሲያበቃ፣ አሳንሰሮቹ አንድ በአንድ ሲቆሙ ዝም ብሎ አየ። እናቶች ሕፃን ታቅፈው ደረጃ ላይ ያለከልካሉ፤ ሽማግሌዎች አንዴ ከወጡ መውረዱን ይተዉታል። ጠበቃው ለአንድ ሰው መፍትሔ አይፈልግም። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ የሁሉንም ሕንጻ አሳንሰር በአንድ ጊዜ የሚያስጠግን ፍርድ ነው የሚፈልገው። ለዚያ ደግሞ እስከ ፍርድ ድረስ ከሳሽ ሆኖ የሚቆይ ሰው ያስፈልጋል፤ «ጋሼ እሺ» የሚባሉት ሰው ባሉበት ግን ይህ የማይታሰብ ነው።

ጋሼ እሺ የአከራዩ መሥሪያ ቤት ነገረ ፈጅ ናቸው። ቅጽል ስሙን ያወጣላቸው ጠበቃው ራሱ ነው። ክሱ በደረሳቸው ማግስት ደረጃውን ቀስ እያሉ ከሳሹ ቤት ድረስ ወጥተው፣ ላባቸውን በመሐረብ ጠርገው፣ «እሺ፣ ምድር ቤት እንሰጥዎታለን» ይላሉ። ምድር ቤት የገባ ሰው ደረጃ አይወጣም፤ ደረጃ የማይወጣ ሰው ስለ አሳንሰር ምን አገባው? ክሱ ተዘጋ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ጋሼ እሺ ግን ድሩን አንድ አንድ እየመዘዙ ምድር ቤት ያስቀምጡታል። አንደኛው ከሳሽ እንደውም ውክልናው ላይ ከመፈረሙ በፊት፣ «ምድር ቤቱ ፀሐይ ያገኛል?» ብሎ ጠይቋል። ወሬው ሲዛመት ማዕከሉ በር ላይ ሰልፍ ሆነ። «እኔንም ከሳሽ አድርገኝ» የሚለው ብዛት! የሥራ ባልደረቦቹም «ደላላው» ይሉት ጀመር።

የቀረው ተስፋ እምቢ የሚል ሰው ማግኘት ነበር። ስለዚህ አንድ ቀን ከሕንጻዎቹ በአንዱ ሰባተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ግድግዳ ተደግፎ ቆይቶ፣ ሕንጻው ሁሉ «እማማ እምቢ» የሚላቸውን ሴትዮ በር አንኳኳ። አሳንሰሩ ከቆመ ወዲህ እግራቸው መሬት አልረገጠም፤ አስቤዛቸውን ጎረቤት ነው የሚያመጣላቸው።

«ብከስ ምድር ቤት ይሰጡኛል ነው የምትለኝ?» አሉት።

«መስጠቱን ይሰጡዎታል፤ የኔም ስጋት እሱ ነው።»

«የትኛውን ነው የሚሰጡኝ?»

«ባዶ የቀረው አንድ ነው። ከልብስ ሰፊዋ ጎን ያለው።»

እማማ እምቢ ከተቀመጡበት ተነሡ። «ከሷ ጋር ግድግዳ ልጋራ? ሬሳዬ ይወርድላታል እንጂ እኔ አልወርድላትም! አምጣ፣ የት ጋ ነው የምፈርመው?»

ጠበቃው እግራቸው ላይ ቢወድቅ ደስ ባለው።

የጠቡ መነሻ ቀሚስ ነው። ሁለቱ ሴቶች ድሮ የልብ ወዳጆች ነበሩ። እማማ እምቢ ለልጃቸው ሠርግ ቀሚስ አሰፍተው፣ በሠርጉ ጧት ሲለብሱት ጀርባው አልገጥም አለ። ልብስ ሰፊዋ ያኔ በሚሠራው አሳንሰር መርፌና ክር ይዘው ወጡ፤ ሳሎኑን በሞላው እንግዳ ፊት ወዳጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩና፣ «ቀሚሱ አልጠበበም፤ አንቺ ነሽ የሰፋሽው» አሉ። እንግዳው በሳቅ ፈነዳ። በዚያው ዓይንሽን ላፈር ተባብለው ቀሩ።

ጋሼ እሺ እንደ ልማዳቸው ወጡ፤ እንደ ልማዳቸውም «እሺ» አሉ። «እምቢ!» ተባሉ። ሰውዬው በሥራ ዘመናቸው ሰምተውት የማያውቁት ቃል ስለነበር፣ ያልሰሙ መስሏቸው ደገሙት። በሩ ተዘጋባቸው።

ከዚያ ወዲያ የጠበቃው ሥራ ሌላ መልክ ያዘ። ሕግ የተማረ፣ ሰው ሲጣላ ቢያይ «ተዉ» የሚል ሰው፣ በየሳምንቱ ሰባት ፎቅ እየወጣ የሁለት አሮጊቶችን ቂም ይጠብቅ ጀመር። ጠቡ የበረደ ለታ ክሱም ይበርዳልና፣ ወንበር ስቦ ይቀመጥና «እስቲ ያቺን የቀሚሷን ነገር ይንገሩኝ» ይላል። እማማም እንደ አዲስ ይንጨረጨራሉ፤ እሱም ልቡ ረግቶ ይወርዳል።

አንድ ቀን ሲሄድ ግን፣ እማማ እምቢ ኮሪደሩ ላይ ቆመው የአሳንሰሩ በር ላይ ጆሯቸውን ደግነው አገኛቸው።

«ዛሬም አልሰፋችም» አሉት በሹክሹክታ። «የስፌት መኪናዋ ድምፅ በዚህ ጉድጓድ ሽቅብ ይመጣልኝ ነበር። ሦስት ቀኑ። አሟት ይሆን?»

ጠበቃው ጠቡ ሊበርድ ነው ብሎ ሠጋ። በጎ ሰው ቢሆን ኖሮ ወርዶ ይጠይቅላቸው ነበር። እሱ ግን አፉን ከፍቶ፣ «በእንግዳ ፊት አይደል የሰደቡዎት?» አለ። ከአፉ እንደወጣ ራሱን ጠላው። እማማ እምቢ ዞር ብለው አዩትና ቤታቸው ገቡ። ጠበቃው ደረጃውን ሲወርድ እንደዚያ ቀን ረዝሞበት አያውቅም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ጋሼ እሺ የጠቡን ምክንያት አነፍንፈው ደረሱበት፤ ልብስ ሰፊዋንም አግኝተው፣ ይቅርታ ለመጠየቅ ፈቃደኛ መሆናቸውን አረጋገጡ። በቀጠሮው ቀን ሴትዮዋን በምስክርነት ይዘዋቸው ፍርድ ቤት ቀረቡ።

«ከሳሽ የት ናቸው?» አሉ ዳኛዋ።

«ሰባተኛ ፎቅ ላይ ናቸው፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አለ ጠበቃው። «ክሱም እሱው ነው።»

ጋሼ እሺ ተነሡ። ከሳሿ ምድር ቤት አልገባም ያሉት በጎረቤት ቂም ብቻ መሆኑን፣ በዳይዋም እነሆ ለዕርቅ ዝግጁ መሆናቸውን ዘርዝረው፣ መዝገቡ እንዲዘጋላቸው አመለከቱ። ጠበቃው አንገቱን ደፋ። አልቆለት ነበር። እንደው ወግ ይድረሰኝ ብሎ ምስክሯን ለመጠየቅ ተነሣ።

«እናቴ፣ ከሳሿ አሟት ይሆን ብለው ሲጨነቁልዎ ነበር፤ ደኅና ነዎት?» ሊጠይቅ ያሰበው ይህንን አልነበረም። ሳያስበው አመለጠው።

ልብስ ሰፊዋ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እሷ? ጉንፋን ነበር፤ ተሻለኝ በልልኝ።»

«ታዲያ አልታረቃችሁም?»

«የት አግኝቻት?»

ጋሼ እሺ ጣልቃ ገቡ። «በስልክ ይቅርታ እንዲጠይቁ አመቻችተን ነበር፤ ከሳሿ እምቢ አሉ!»

«እውነቷን ነዋ!» ልብስ ሰፊዋ ጮኹ። «በገዛ ሳሎኗ፣ በሰው ፊት አዋርጄያት በስልክ ልካሳት? ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው በር ያንኳኳል። ሁለቴ ሞከርኩ፤ ጉልበቴ ከሁለተኛው ፎቅ አላሳልፍ አለኝ። አሳንሰሩ ይሠራልኝ! የሚከሰስ ካለ እኔም እከሳለሁ!»

ጠበቃው ራሱን ቀና አደረገ። ብርሃን የሚሉት ነገር ያኔ ነው የበራለት። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኚህ እናት ሁለተኛ ከሳሽ ሆነው እንዲጨመሩ አመለክታለሁ» አለ።

ጋሼ እሺ «ከሳሽ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ፣ የዓመታት ልማድ ከወንበራቸው ብድግ አደረጋቸው። «እሺ ክቡር ፍርድ ቤት፣ ለሳቸውም ምድር ቤት እንሰጣቸዋለን!»

«እዚያው ነኝ እኮ!» አሉ ልብስ ሰፊዋ።

ችሎቱ በሳቅ ተናጋ። ዳኛዋ ራሳቸው ፋይል አንሥተው ፊታቸውን ሸፈኑ። ፋይሉን ሲያወርዱ፣ «ምድር ቤት እየኖሩ አሳንሰሩ ምን ያደርግልዎታል?» ብለው ጠየቁ።

«አሳንሰር ለመውረድ ብቻ ነው ያለው ማነው? እኔ የምፈልጋት ሰው ያለችው ላይ ነው።»

ከዚያ በኋላማ ምኑ ይወራል። በየሕንጻው ምድር ቤት የሚኖር ሰው ሁሉ ላይ እናት፣ ላይ ወንድም፣ ላይ ጓደኛ አለው፤ ተሰልፎ መጥቶ ከሰሰ። ጋሼ እሺ ምን ይስጡት? ምድር ቤት ላይ ተቀምጧል። ክርክሩ ከርሞ በመጨረሻ የሁሉም ሕንጻ አሳንሰር እንዲጠገን ተፈረደ፤ ጋሼ እሺም «እሺ» አሉ።

የሕንጻው አሳንሰር የሠራ ዕለት፣ ጠበቃው ልብስ ሰፊዋን ይዞ ገባ። ሰው አንዴ ልሞክረው እያለ ተጠቅጥቆባቸው ስለነበር፣ ሴትዮዋ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው በየፎቁ ይቅርታቸውን ያጠናሉ። «ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ በይ፤ እንዳትስቂ፤ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ...»

ሰባተኛው ላይ በሩ ተከፈተ። እማማ እምቢ ያችኑ ቀሚስ ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ፊታቸውን አጥቁረው ቆመዋል። ጠበቃው ቀድሞ ወጥቶ በሩን በእጁ ያዘ። ልብስ ሰፊዋ በሰው መሐል ለመውጣት ታገሉ፤ አቃታቸው፤ ያጠኑት ሁሉ ጠፋባቸውና፣ «ኤዲያ! እንዴት ያለ ጠባብ ነገር ነው!» አሉ።

እማማ እምቢ ይህችን ቀን ለስንት ዓመት ነው የጠበቁት።

«አሳንሰሩ አልጠበበም» አሉ። «አንቺ ነሽ የሰፋሽው!»

ልብስ ሰፊዋ ሆዳቸውን ይዘው ይንፈቀፈቁ ጀመር። እማማ እምቢም ምርኩዛቸው ላይ ተደፍተው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ጠበቃውም ሲስቅ እጁ በሩን ለቀቀ። በሩ ተዘጋ፤ አሳንሰሩም ልብስ ሰፊዋን ከነሳቃቸው ይዟቸው ወረደ።

«ወይኔ! ይቅርታ ሳይጠይቁዎት ወረዱ!» አለ ጠበቃው ደንግጦ።

እማማ እምቢ ከጉድጓዱ ሽቅብ የሚመጣውን ሳቅ እየሰሙ፣ ዓይናቸውን በእጃቸው ጠረጉ።

«ትመጣለቻ» አሉና የአሳንሰሩን መጥሪያ ተጫኑት። «አሳንሰር አለ አይደል?»