የኩሪሳካ ጣቢያ የቆጠራ ቀን

የኩሪሳካን የሚያህል ጣቢያ በጃፓን ምድር አልተሠራም፤ ሠራተኛ የለው፣ ትኬት ቆራጭ የለው፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ ጣራ ብቻ። ጣራው ግን የሰማይን በረዶ ሁሉ ተሸክሞ አንድ ቀን እንኳ እህ ብሎ አያውቅም። መሳፈሪያውን የሚጠርገው ቶኩጂ ነው። ተራራ የሚያህል በረዶ ሲዝቅ ያየ፣ ሰውየው ሳይሆን ተራራው ያሳዝነዋል።

ቶኩጂ መኪና አይነዳም። ሚስቱ ሐናኤ ሦስት ጣቢያ አልፎ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ተኝታለች፤ በየቀኑ በባቡር ሄዶ ሾርባዋን ያጎርሳታል። ስለዚህ ጣቢያው ሊዘጋ ነው የተባለ ለት እህል አልወርድ አለው። ማክሰኞ ጠዋት ከባቡር ድርጅቱ ተሳፋሪ ቆጣሪ ትመጣለች፤ ተሳፋሪ ከበዛ ጣቢያው ይተርፋል፣ ካልበዛ ባቡሩ ከእንግዲህ አይቆምም።

መላ ያመጣለት የልጅነት ጓደኛው ሙነኦ፣ ሳኬ የሚሉትን የሩዝ መጠጥ ሻጩ ነው።

«መንደሩን ነቅዬ አሳፍርልሃለሁ። አንድ ሰው ከቀረ ሙነኦ አትበለኝ» አለው ጽዋውን እየቀዳለት።

«ድሮስ ማን ብዬህ አውቃለሁ? ወሬኛው ነው የምልህ።»

ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ማክሰኞ ጠዋት ቶኩጂ አዲሱን ኮቱን ለብሶ ቆመ። ማንም አልመጣም። በኋላ የሙነኦ ነጭ ሚኒባስ ሽማግሌና አሮጊት ጢም ብሎባት መጣችና ጣቢያው አጠገብ ዝግ አለች።

«ውረዱ እንጂ፣ ባቡሩ ደረሰ» አለ ቶኩጂ።

ሙነኦ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። «ፍልውሃ እየወሰድኳቸው ነው። በኔ ወጪ።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ ነው የተመቸኝ።»

ከኋላ ያሉት ጉልበታቸው ላይ ያለውን ፎጣ ማየት ጀመሩ። እትዬ ኢሴ ብቻ፣ ሆዷ ነገር የማይቋጥረው፣ «ጣቢያው ሲዘጋ አውቶቡስ ይመጣልናል ብሎናል፤ ሱቁ ደጃፍ ነው አሉ የሚቆመው» አለች።

«እትዬ ኢሴ፣ ብርድ ይገባሻል፣ አፍሽን ዝጊ።»

«ሱቅህ ደጃፍ» አለ ቶኩጂ።

«የሆነ ቦታ መቆም አለበት እኮ።»

«ሐናኤስ?»

ሙነኦ መሪውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «አውቶቡሱ በሳምንት ሁለቴ በዚያ በኩል ያልፋል።»

«ሌላውን ቀን ማን ያጉርሳት? አንተ ሰው፣ ሰርጋችን ላይ ሦስት ቀን ሙሉ የዘፈንክልን አንተ ነህ።»

«ሁለት ቀን ነው» አለ ሙነኦና መስኮቱን ዘጋው።

ባቡሩ መጣ። ነጭ ጓንት ያጠለቀች ቆጣሪ ልጅ በሩ ላይ ቆማ ቶኩጂ ሲገባ የሰው መቁጠሪያ መሣሪያዋን ቀጭ አደረገች።

«ሌላ ሰው አለ፣ አባባ?»

«መንደሩ በሙሉ ይኸው ገባ» አለ ደረቱን ነፍቶ።

ልጅቱ ፈገግ አለች፤ ሁለተኛ ግን ቀጭ አላደረገችም።

መንገዱና ሐዲዱ ወንዙ ድረስ ጎን ለጎን ነው የሚሄዱት። ሚኒባሷ ከባቡሩ እኩል ስትሆን ውስጥ ያሉት ሁሉ እንደ ደንቡ በአንድነት አንገታቸውን ደፍተው እጅ ነሱት። ሙነኦም መሪውን ይዞ ጎንበስ አለ። ቶኩጂ፣ በሕይወቱ ለሰላምታ ሰስቶ የማያውቅ ሰው፣ አንገቱን እንደ ግንድ አቀናው።

«ያውቋቸዋል፣ አባባ?» አለች ልጅቱ።

«የዚህ አገር ሰዎች አይመስሉኝም» አለና መጋረጃውን ስቦ ዘጋው።