በጣራው ላይ ሁለት ሰው

እትዬ ኮቴ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የወንድ ጫማ አድርጋ ስትራመድ ኖራለች። የምትራመደው ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ በራዲዮ ጣቢያው ምድር ቤት፣ ከበሩ በስተግራ፣ አሸዋ በሞላ የእንጨት ሳጥን ላይ በተነጠፈች አንዲት ቁራጭ ቆርቆሮ ላይ ነው። እዚያች ቆርቆሮ ላይ ሆና ግን ስንቱን ከተማ በጣራ በጣራ አቋርጣዋለች።

እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ የሚተላለፈውን ድራማ የማያውቅ የለም። ካባውን እያንበለበለ ከጣራ ጣራ የሚዘል፣ ሰው በሩን ዘግቶ ሲያለቅስ የእንባውን ጠብታ ከቆርቆሮው በላይ ሆኖ የሚሰማ፣ ሌባና ግፈኛ ስሙ ሲጠራ የሚርበደበድለት ጀግና ነበር፤ ጣራ ለጣራ ይሉታል። ድምጹ የአንድ ሰውዬ ነበር። እግሩ፣ የኮቴው ድምጽ፣ የእሷ ነው። ካባውም የእሷ ነው። ያ ስንቱን ልጅ አንሶላ አንገቱ ላይ አሳስሮ ከአጥር ላይ የጣለ ዝነኛ ካባ፣ ከተሰበረ ጃንጥላ የተረፈ ጨርቅ ነው፤ በግራ እጇ ታራግበዋለች።

ድምጹ የነበረውን ሰው ሁሉም ጋሼ ይሉት ነበር። ጋሼ አስም ነበረበት። ይህንን አድማጭ አያውቅም። ከማይክራፎኑ ፊት ቆሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ከመናገሩ በፊት ትንፋሹን መሰብሰብ ነበረበትና፣ እትዬ ኮቴ ሦስት ጊዜ ትራመድና ቀጥ ትላለች። እሱ አየር ይስባል። እሷ አራተኛውን ትረግጣለች፣ እሱ ይናገራል። ሦስት እርምጃ፣ ዝም፣ አራተኛው። አገር ሁሉ ግን «ጣራ ለጣራ የሚቆመው እኮ ከስር የሚያለቅስ ካለ ሊሰማ ነው» እያለ ያደንቅ ነበር። ጋሼ ይህንን ሲሰማ እስኪያስለው ይስቅ ነበር። «ሳንባዬ እንዲህ ብልህ መሆኑን አላውቅም ነበር» ይላል።

ያ ሳንባ ከአራት ወር በፊት ጨርሶ እምቢ አለ።

ከመሞቱ ሳምንት በፊት ልትጠይቀው ሄዳ ነበር። ትራሱን ደገፍ ብሎ፣ ቃል በቃል እየቆጠረ፣ «በእኔ ቦታ ሊተኩት ነው፤ ልጄን» አላት። «አደራ፣ እንዳይወድቅብኝ።» አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። እጁን ይዛ እሺ አለች።

ልጁ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ለመብራት ኃይል ከቤት ቤት እየዞረ ቆጣሪ ያነባል። ድምጹ ቁርጥ አባቱን ነው። ስልክ ሲያነሳ የገዛ እናቱ እንኳ ለቅሶው ከወጣ በኋላ ሁለት ጊዜ ተሳስታ፣ አንዴ ምሳ ምን ልሥራልህ ብላ ጠይቃው ስልኩን ዘግታ አልቅሳለች። የድራማው አዘጋጅ ይህንን ድምጽ ገና ጋሼ ታሞ ሳለ ሰምታው ነበርና ጊዜ አላጠፋችም። አሮጌው ጣራ ለጣራ ደክሞት ካባውን ከአንድ የውሃ በርሜል ላይ ሰቅሎ እንዲሄድ፣ ማንም የማያውቀው ወጣት ወጥቶ እንዲያነሳው አድርጋ ጻፈችው።

ልጁ መጀመሪያ ቀን መጥቶ «ካባው የታለ?» ብሎ ጠየቀ። እትዬ ኮቴ የጃንጥላውን ጨርቅ ከሚስማር ላይ አውርዳ አሳየችው። አገላብጦ አየውና «እኔ እኮ ልጅ ሆኜ ለዚህ ነው ጥርሴን የሰበርኩት» አለ።

እትዬ ኮቴ ግን አንድ ነገር በሆዷ ይዛ ነበር። ድምጹ ቢንቀጠቀጥ እንኳ ኮቴው ይደግፈዋል ብላ አስባለች። የጋሼን ጫማ፣ ያንን ሰፊውን፣ ጣት ጣቱ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቃ የምታደርገውን፣ ቀለም ቀባችው። ካባውን የወረሰ አረማመዱንም ይውረስ እንጂ አለች። ሦስት እርምጃ፣ ዝም፣ አራተኛው። አደራዋን የምትጠብቀው በዚህ ነው።

የመጀመሪያው እሁድ አለፈ፤ ሰኞ ጠዋት ስልኩ አላርፍ አለ። አንዱ «ይሄ ካባ ሌባ ነው» ይላል። ሌላው «ድምጹ ያው ነው፣ ሰውየው ግን የለም» ይላል። አንዲት እናት ደግሞ፣ ልጆቿ ድሮ ራዲዮው አጠገብ ተጋድመው ይሰሙ የነበሩት፣ አሁን እሱ ሲመጣ ተነስተው ከአልጋ ሥር እንደሚገቡ ተናገረች። «ምን አስፈራችሁ ስላቸው፣ ከኋላው ሰው አለ ይሉኛል።»

አዘጋጇ ይህንን ስትነግራቸው ፊቷ ጠቁሮ ነበር። «አለቆች ያለፈውን ጨምሮ ሦስት እሁድ ሰጥተውኛል። በሦስተኛው ካልተዋጠላቸው ድራማው ይቆማል፣ በቦታው የሙዚቃ ምርጫ ይገባል። አንተም ወደ ቆጣሪህ።» ልጁ ጫማውን ጫማውን ያያል። እትዬ ኮቴ እንጀራዋ መቋረጡ ሳይሆን ያ በትራስ የተደገፈ ራስ ነው ትዝ ያላት።

ደግሞ ለማንም ያልተናገረችው ነገር ነበር። ሦስተኛውን ረግጣ ቀጥ ስትል፣ በዚያች ዝምታ ውስጥ፣ ከማይክራፎኑ በኩል አንድ ሰው አየር ሲስብ ይሰማታል። ቀጭን፣ ጫፉ ላይ ፉጨት ያለበት። ልጁ ነው እንዳትል እሱ ቃሉን ተናግሮ ጨርሷል፤ ሳንባው የፈረስ ነው፣ ትንፋሽ መሰብሰብ አያውቅም። አንድ ቀን አዘጋጇን ለምና የተቀዳውን በማዳመጫ ሰማችው። ሦስት እርምጃ። ዝም። ባዶ ነው፣ ምንም የለም። በማግስቱ ቆርቆሮው ላይ ስትቆም ግን እንደገና መጣ።

ሁለተኛው እሁድም ከመጀመሪያው አልተሻለም።

ሰኞ ስትገባ የጣቢያው ዘበኛ ከጥላው ሥር ራዲዮኑን በፌስታል ጠቅልሎ ይዞ ተቀምጧል። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ እሷን ሃምሳ አራት ዓመቷ ሆኖም አንቺ ልጅ ነው የሚላት።

«አንቺ ልጅ፣ ጋሼን ቀብረነዋል አይደል?»

«ምነው አባባ? በጠዋቱ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«አይ፣ እኔም ነበርኩ። በገዛ እጄ አፈር መልሼበታለሁ። ታዲያ እሁድ እሁድ ጣራ ላይ የሚሄደው ማነው?»

«ልጁ ነዋ።»

«ልጁማ ያወራል። እኔ የምጠይቅሽ የሚሄደውን ነው።» ራዲዮኑን መታ መታ አደረገው። «ሁለት ሰው ነው ያለው። አንዱ እየሮጠ ያወራል፣ አንዱ ከኋላው ቀስ ብሎ ይሄድና ቆም ይላል፣ ትንፋሹን ይሰበስባል።»

«የሞተ ሰው ትንፋሽ ምን ያደርግለታል አባባ?»

«እሱን አንቺ ጠይቂልኝ። አንቺ አይደለሽ የምትሄጂለት?»

ሳቀባት። እሷም ለመሳቅ ሞከረችና አልሆነላትም። ወደ ውስጥ ገባች። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሳታስበው ቆማ ራሷን አገኘችው።

ለሦስተኛው እሁድ የሚሆነውን ረቡዕ ሊቀዱ ተገናኙ። ታሪኩ ቀላል ነው፤ አንዲት ልጅ ጭስ ከሞላው ክፍል ውስጥ ተቆልፎባታል፣ አዲሱ ጣራ ለጣራ በጣራው መጥቶ ሊያወጣት ነው። አዘጋጇ ከመስታወቱ ወዲያ ሆና እጇን አነሳች። እትዬ ኮቴ ካባውን አራገበች፣ ጫማውን ጎተተች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቀጥ አለች። ትንፋሹ መጣ፤ ያ ፉጨት። ልጁም አፉን ከፈተ፣ ቃል ግን አልወጣውም።

«እንደገና» አለች አዘጋጇ።

እንደገና ሆነ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ዝም። ልጁ ወረቀቱን እንደያዘ ወደ በሩ ዞሮ ያያል፣ የሚጠብቀው ሰው ያለ ይመስል።

«ምን ሆነሃል አንተ? ፊደል ጠፋህ?» አለችው እትዬ ኮቴ።

«ስትቆሚ ነው እትዬ።» ድምጹን ዝቅ አደረገ። «ስትቆሚ አባዬ ሊናገር ነው ብዬ ዝም እላለሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ እንዳልጠብቅ ብዬ ቀድሜ እናገራለሁ።»

እትዬ ኮቴ ካባውን ዝቅ አደረገች።

«ታሞ ቤት እያለ እንደዚህ ነበር የሚሄደው። ከአልጋው ተነስቶ ወደ ሽንት ቤት ሲሄድ ኮሪደሩ ላይ ሦስት ይራመድና ይቆማል፤ አየር እስኪያገኝ። እኔ ከክፍሌ ሆኜ አራተኛውን እጠብቃለሁ፣ ሲረግጥ ሥራዬን እቀጥላለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ሸሚዜን እየቆለፍኩ ጠበቅኩት።» ወረቀቱን አጣጠፈው። «አራተኛው አልመጣም።»

ከመስታወቱ ወዲያ አዘጋጇ አንገቷን ደፍታ ነበር፤ ማይክራፎኑ ክፍት ስለሆነ ሁሉንም ሰምታለች።

እትዬ ኮቴ የቆመችበትን አየች። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ሕመም ስትረግጥ ኖራ፣ ልጁ ላይ ደግሞ በየሳምንቱ ያችን ጠዋት ስታመጣበት ሰነበተች። እንዳይወድቅ አደራ የተባለችበትን ልጅ በአባቱ እግር ጠልፋ የምትጥለው እሷ ናት።

ጎንበስ ብላ የጋሼን ጫማ ፈታች። «ጫማህን አውልቅ» አለችው።

«እ?»

«የአንተን። ስጠኝ።»

«እግሬ ይሸታል እትዬ። ቀኑን ሙሉ ስዞር ነው የዋልኩት።»

«የአባትህን ሃያ ሁለት ዓመት ችዬዋለሁ። አምጣ።»

ሶሉ ያለቀ፣ ቀላል የጎማ ጫማ ነው። አደረገችውና «አሁን ሂድ» አለችው፣ «ሥራ ላይ እንደምትሄደው፣ ከበሩ እስከ መስታወቱ።» ልጁ እያፈረ በካልሲው ሄደ። ቆጣሪ አንባቢን ውሻ ነው አረማመድ ያስተማረው። ሁለት ፈጠን ያሉ አጫጭር እርምጃዎች በጣቱ፣ ከዚያ አንድ ረጅም፣ ወደ ጎን የምታመልጥ። አይቆምም። ቆሞ የተነከሰ ሰው ድጋሚ አይቆምም።

ሦስት ጊዜ አስመላለሰችው፤ ደረቱንም እግሩንም አየች። ከዚያ ቆርቆሮው ላይ ወጣች። መጀመሪያ የለመደ እግሯ ሦስተኛው ላይ ቀጥ አለና «አንተ ግትር» ብላ በእጇ ጭኗን መታችው። በሁለተኛው ተንሸራተተች። በአራተኛው ሙከራ ቆርቆሮው ሌላ ድምጽ አወጣ፤ ስስ፣ ችኩል፣ ሊያዳልጠው ምንም ያልቀረው ሰው ድምጽ። ልጁም ከእሷ ጋር እኩል፣ በካልሲው ቆሞ፣ «መጣሁልሽ፣ በሩን ልቀቂው» አለ። ድምጹ ያው የአባቱ ነው። የሚያወራው ግን እሱ ነበር።

እሁድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ኮቴ ቤቷ አልተቀመጠችም፣ ከዘበኛው ጥላ ሥር ሄዳ አብራው ሰማች። ሲያልቅ ዘበኛው ራዲዮኑን አጥፍቶ ፌስታሉን ቋጠረ።

«አንድ ሰው ነው» አለ።

«ጥሩ ነው?»

«ጥሩ ነው አልወጣኝም። ውሻ የሚያባርረው ነው የሚመስለው። ግን አንድ ነው።» ቀጥሎም፣ «ያኛው ሄደ ማለት ነው» አለ።

ሰኞ የደወለው ሰው ብዙ ነበር። ግማሹ የድሮው ይመለስ ይላል። አንዱ ሽማግሌ፣ ይሄኛው ገና ሳይወድቅ አይቀርም፣ ሲወድቅ መስማት እፈልጋለሁ ብሎ ሳምንቱን ሊጠብቅ ነው። የልጆቹ እናትም ደወለች፤ ከአልጋ ሥር አልገቡም። አዘጋጇ አለቆች ዘንድ ወጥታ ተመለሰችና «ይቀጥላል» አለች፤ እንደ ደስታም እንደ ድካምም ነበር።

ልጁ ከሥራ በኋላ ሊያደርሳት ደረጃው ላይ ይጠብቃታል። የጋሼን ጫማ ለእናቱ ሊመልሱ ነው። እትዬ ኮቴ ጫማውን በጋዜጣ ልትጠቀልል ጎንበስ አለችና፣ እጇ አልሄድ አላት። በሩን ገርበብ አደረገችው። ጫማውን አጠለቀች፣ ጨርቁ ጣቶቿን እንደ ድሮው ያዛቸው፣ ቆርቆሮው ላይ ወጣች።

አንድ። ሁለት። ሦስት።

ቀጥ አለች፣ ቀኝ እግሯን አንስታ፣ ጆሮዋን ወደ ማይክራፎኑ ጥላ። ጠበቀች። ፉጨቱ አልመጣም። በክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ትንፋሽ የእሷ ብቻ ነበር፣ እሱም አጭር አጭር። እግሯ በአየር ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይህችን ብትረግጥ አንድ ሰው መናገር አለበት፤ የሚናገርም የለም።

«እትዬ?» አለ ልጁ ከደረጃው። «እንሂድ?»

ያ ድምጽ ነው፣ ቁርጥ። ልቧ አንዴ ዘለለና ተመለሰ።

«መጣሁ» አለች። እግሯንም ከቆርቆሮው ውጪ፣ ሲሚንቶው ላይ አሳረፈችው።