ያልተጠራው ፎልደር

የከተማውን ውሃ የሚያዘው ፕሮግራም ትልቅ ነበር ማለት እሱን መስደብ ነው። ፎልደሮቹን ቆጥሬ እጨርሳለሁ ብሎ የተነሳ ሰው ጡረታው እዚያው ይደርስበታል። ኮዱ በወረቀት ቢታተም ከተማውን አልብሶ ለብርድ የሚሆን ድርብ ይተርፋል። የፓምፑ በፓምፕ ፎልደር፣ የቧንቧው በቧንቧ፣ የቆጣሪው በቆጣሪ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ንዑስ ፎልደር፣ በንዑሱ ውስጥ ሌላ ንዑስ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ ምድር እምብርት ይወርዳል። ይህን ሁሉ ጽሑፍ በየማለዳው ሰብስቦ ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚለውጠውን ሥራ ቢልድ ይሉታል። ቢልዱ ካለፈ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስክሪን አረንጓዴ ይሆናል። ከወደቀ ይቀላል፤ የቀላ ቀን እዚያ ቢሮ ውስጥ ሻይ እንኳ ስኳሩን ይክዳል።

ይህን ሁሉ የምትጠብቀው አንዲት ሴት ነበረች። በረኛዋ ይሏታል፤ ሳታያት የምታልፍ መስመር ስለሌለች ነው። አንድ ፎልደር ቦታውን ቢስት ሽታውን ከኮሪደር ትለያለች። የምትጠብቀው ደንብ ደግሞ ቀላል ነው። በየፎልደሩ ውስጥ አንዲት ትንሽ ፋይል አለች፤ ከሥሯ ያሉትን ፎልደሮች በስምና በተራ ትጠራለች። የተጠራ ይሠራል። ያልተጠራ እዚያው ተጋድሞ ይቀራል፤ ቢልዱ አያየውም፣ ለምን ቀረ ብሎ የሚጮህም የለም። ተራውም ቀልድ አያውቅም። መለኪያው ከግፊቱ በፊት፣ ግፊቱ ከፓምፑ በፊት ካልተጠራ ሁሉም እንዳለ ይናዳል።

ደንቡን ያወጣው ታላቅ ወንድሟ ነው። ቢሮው በሙሉ ጋሼ ይለዋል፣ እሷ ወንድም ጋሼ ትለዋለች። እናትና አባታቸው በጊዜ ሲያልፉ ያሳደጋት፣ ጫማዋን ያሰረላት፣ ሂሳብ ያስጠናት፣ ኋላም እዚህ አምጥቶ አጠገቡ ያስቀመጣት እሱ ነው። የውሃውን ግፊት የሚያሰላውን ኮድ ብቻውን ጽፎታል፤ ይህንንም ከጽዳት ሠራተኛዋ እስከ ዋና ሥራ አስኪያጁ ያልነገረው ሰው የለም።

"የኔን ኮድ ንኩትና እዩት" ይል ነበር። "የከተማው ሻወር በሙሉ ወደ ላይ ነው የሚረጨው።"

ባለፈው ዓመት አንድ ማለዳ ስክሪኑ ቀላ። በረኛዋ ገብታ ስታይ ግፊቱ ከመለኪያው በፊት ተጠርቷል። ማን እንደነካው አየችና ወንበሩ ከሥሯ የተሳበ መሰላት። ተራ የሚባለውን ነገር ለዚህ ቢሮ ያስተማረው ሰው ተራ ስቷል። ወዲያው አስተካከለችና ወጥታ "እኔ ነኝ" አለች። ቀኑን ሙሉ ሳቁባት። በረኛ በራሷ ላይ ጎል አገባች እያሉ ምሳ ሰዓት ላይ ሲያጨበጭቡላት ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ወንድሟ ነበር።

በሳምንቱ ደገመው። የቫልቩን ፎልደር ቆጣሪ ውስጥ ከተተው። ከዚያ የገዛ ኮዱን አጥፍቶ ማን አጠፋው ብሎ ተቆጣ። ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ ስለ አንጎልና ስለ መርሳት በሽታ የሚባለውን ሁሉ ካለ በኋላ ለብቻዋ ጠርቶ "ሥራ መሄዱን እንዳያቆም" አላት። "ሥራው ነው ይዞት ያለው። እሱን የተነጠቀ ዕለት ቁልቁል ነው።"

እሷም አንድ ዘዴ ፈጠረች። በግፊት ፎልደር ሥር አዲስ ንዑስ ፎልደር ከፈተች፤ ስሙን አዲስ ግፊት አለችው።

"ወንድም ጋሼ፣ ግፊቱ እንደ አዲስ ይጻፍ ተብሏል" አለችው። "ካንተ በቀር የሚችለው የለም።"

"ማን ነው ያለው?"

"ሁሉም።"

"እንግዲህ ሁሉም ካለ ምን አደርጋለሁ።" ወንበሩን ሳበ። "አንድ ነገር ግን፤ መሃል ገብታችሁ እንዳትመክሩኝ።"

ፎልደሩን አልጠራችውም። እሱ ቀኑን ሙሉ ይጽፋል፣ የጻፈውን ወደ ትልቁ ኮድ ይልካል፣ ኮዱ ፎልደሩ ውስጥ ይገባል፣ ቢልዱ ደግሞ ሳያየው በአጠገቡ ያልፋል። ከሰዓት በኋላ ስክሪኑ አረንጓዴ ሲሆን ከመነጽሩ በላይ ያያታል።

"አለፈ?"

"አለፈ ወንድም ጋሼ።"

"ድሮስ። ማን ጽፎት።"

ይቺን "አለፈ" ባለች ቁጥር አንድ ድንጋይ ውጣ ሌላ ሥራ ትጀምራለች። ዓመት ሙሉ የዋጠችው ድንጋይ ቢደረደር ሦስት ፎቅ ያቆም ነበር። ግን ወንድሟ ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ ከሷ ቀድሞ በር ላይ ቆሞ "አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ልታስረፍጂኝ ነው?" ይላታል። ይህን እያየች ድንጋዩን ትውጠዋለች።

ኋላ አዲስ ኃላፊ መጣች። ወጣት ናት፣ ክፉም አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ነገሩ እንዴት በቀለለ። በመጣች በወሩ ሁሉንም ሰበሰበችና ፎልደሮቹ እንደ አዲስ ይደራጁ አለች። አብረው የሚሠሩ አብረው ይቀመጡ፤ በስም መጥራትም ይቅር፤ ቢልዱ ራሱ በየፎልደሩ እየዞረ ያገኘውን ይሰብስብ፣ ተራውንም ራሱ ያውጣ።

"ሰው መጥራት የረሳው ፎልደር ስንት ይሆን?" አለች።

"የተረሳ የለም" አለች በረኛዋ፣ ከሚገባው በላይ ፈጥና።

"እሺ፣ ሆን ተብሎ የቀረስ?" ኃላፊዋ ይህን ያለችው ለጨዋታ ነው። የበረኛዋ ጆሮ ግን እንደ ምጣድ ጋለ።

ይሄኔ ወንድሟ እጁን አነሳ። "እኔ ልናገር። ቤት ነው ብላችሁ አስቡት። በሩን ከፍተሽ የመጣ ሁሉ ይግባ ካልሽ ሌባውም ይገባል። እኛ በስም የምንጠራው ሥራው የማን እንደሆነ፣ ከማን በፊት እንደሚቆም፣ ማን እንደሚጠብቀው ለመናገር ነው። ቢልድ ማለት ቁልል አይደለም።" ድምፁ እንደ ድሮው ሞልቶ ነበር። ኃላፊዋ እስክሪብቶዋን አንስታ መጻፍ ጀመረች። በረኛዋ ዓመት ሙሉ የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀችው፤ በሽታው ፈቃድ ወጥቶ የሄደ መሰላት።

ወንድሟ ውሃ ተጎነጨ። ብርጭቆውን አስቀመጠ። "እኔ ልናገር" አለ። "ቤት ነው ብላችሁ አስቡት። በሩን ከፍተሽ የመጣ ሁሉ ይግባ ካልሽ ሌባውም ይገባል።" ቃል በቃል፣ እጁን እንኳ በዚያው ቦታ እያነሳ ደገመው። አንዱ ጫማውን ማየት ጀመረ፣ ሌላው ኮርኒሱን። እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ቆመች።

"ወንድም ጋሼ፣ ና ሻይ እንጠጣ" አለች እህቱ።

"ሳልጨርስ?"

"ጨርሰሃል። በደንብ ነው የተናገርከው።"

ኃላፊዋ ኋላ ኮሪደር ላይ ጠበቀቻት። "አዲሱ አሠራር አይቀርም፤ ዓርብ ሁሉም ፎልደሩን ወደ አዲሱ ቦታ አዛውሮ ይጨርሳል። ስለ እሳቸው ግን እኔ ያየሁት ነገር የለም" አለቻት። በረኛዋ ጎንበስ ብላ አመሰገነቻትና ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች።

አዲሱ ቢልድ ያገኘውን ሁሉ የሚሰበስብ ከሆነ የወንድሟንም ይሰበስባል። ስለዚህ አንዲት መስመር ጻፈችለት፤ በግፊት ሥር፣ አዲስ ግፊት የሚባለውን እዚያ ቦታ ስታገኘው ዝለለው፣ የምትል። ሦስት ጊዜ ሞከረችው፣ ሦስቱንም ጊዜ ዘለለው። ደስ አላት።

ያላሰበችው ነገር ቢኖር ወንድሟም የዚያ ቢሮ ሠራተኛ መሆኑን ነው። ዓርብ ሁሉም ያዛውር ሲባል ሰምቷል። አዲሱን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፣ መነጽሩን ጠረገ፣ ፎልደሩን ከነበረበት አንስቶ ስሌት ከሚባለው አዲስ ክፍል አገባው፤ አዲስ ግፊት የሚለውንም ስም የውሃ ግፊት ብሎ አሳመረው። ማንንም አላስፈቀደም፤ በዚያ ዕድሜው ማንን ያስፈቅዳል? ከዚያ ሁሉ ባለዲግሪ መሃል ፎልደሩን አንዲት ስህተት ሳይሠራ ያዛወረ እሱ ብቻ ነው። የሌሎቹን በረኛዋ አንድ በአንድ አርማለች። የሱን ግን አላየችም፤ እሱ ሊነካው እንደሚችል በሐሳቧም አልዞረም።

ሰኞ ጠዋት አዲሱ ቢልድ ተጀመረ። ሰው ሁሉ ስክሪኑ ሥር ቆሟል፤ ኬክ ሳይቀር ተገዝቷል። ፓምፑ አለፈ፣ ቧንቧው አለፈ፣ መለኪያው አለፈ። ከዚያ ስክሪኑ ቀላ፤ የቀላውም እንደ በርበሬ ነው። በትልቅ ፊደል የውሃ ግፊት የሚል ስም ወጣ፤ ዝለለው የምትለዋ መስመር በድሮ ቦታውና በድሮ ስሙ ስትጠብቀው አምልጧታል። ከሥሩ ስህተቱ እንደ ጎርፍ ይወርዳል።

"የማን ነው ይሄ?" አለ አንዱ ልጅ፣ አላወቀም። እጁን ሰድዶ ፋይሉን ከፈተው።

የግፊቱ ስሌት መጀመሪያ ነበር። የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ያምራሉ፤ እንደዚያ ንጹሕ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ምድር ላይ የለም። ከዚያ መሃል ላይ ይቆማል። ከሥሩ እንደገና ያው መጀመሪያ፣ እዚያችው መስመር ላይ ይቆማል። ከሥሩ ደግሞ ያው። ልጁ ወደ ታች አወረደው፣ አወረደው፤ አያልቅም። ገባውና እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ።

ወንድሟ ከኋላቸው ቆሞ ያነባል።

"የኔ ነው" አለ። ቀጥሎ ግንባሩን ቋጠረ፤ ይህን ግንባር ታውቀዋለች፣ ስህተት ሊያድን ሲነሳ የሚቋጥረው ነው። "ይሄ ከሆነ እንግዲህ በየቀኑ መውደቅ ነበረበት። እስከ ዛሬ እንዴት አለፈ?"

መልሱን ያን ያህል ፈጥኖ ማግኘት የሚችል ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ብቻ ነበር፤ አንዱ እሱ ነው። በሽታውም ለዚያች ደቂቃ አልራራለትም፤ አእምሮውን ወለል አድርጎ ከፈተለት።

"አልተጠራም ነበር" አለ ቀስ ብሎ። ወደ እህቱ ዞረ። "አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ ወንድም ጋሼ።"

"ዓመት ሙሉ?"

"ዓመት ሙሉ።"

"በየቀኑ አለፈ ትይኝ ነበር።"

"እል ነበር።" ሌላ የምትለው ብዙ ነገር ነበራት፤ ሐኪሙ፣ ሸሚዙ፣ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቃት ያለው ፊቱ። ሁሉም አንድ ላይ ተጣድፎ በአፏ በር ላይ ተጨናንቆ ቀረ።

አልጮኸም። ቢጮህ ደስ ባላት። ልጁን "እስቲ ተነስልኝ የኔ ልጅ" ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ፎልደሩን መረጠና አጥፋ አለው። ኮምፒውተሩ ለማጥፋት እርግጠኛ መሆኑን ጠየቀው።

"ይሄ እንኳ ይጠይቀኛል" አለ።

ቢልዱ እንደገና ተነሳ። ፓምፑ፣ ቧንቧው፣ መለኪያው፣ ሁሉም አለፈ፤ ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ለመለመ። ኬኩን የቆረሰው ሰው የለም። ወንድሟ ኮቱን ከወንበሩ ላይ አንስቶ ከእሷ ቀድሞ ወጣ። እስከ ቤት ድረስ አንድ መቶ ሜትር ያህል ከኋላው ተከተለችው፤ ዘወር ብሎ አላያትም።

ከዚያ በኋላ ቢሮ አልረገጠም። ሐኪሙ ያለው ሁሉ ሆነ፤ የፈሰሰ ውሃ እንኳ እንደዚያ አይቸኩልም። መጀመሪያ የመታጠቢያ ቤቱ በር ጠፋበት። ከዚያ ድሮ የሞተችበት ሚስቱ መልክ። ከዚያ ያቺ ኩሩ የግፊት ስሌት፣ አንዲት ፊደል ሳትቀር። አንድ ማለዳ ቁርሱን ስታቀርብለት ብድግ ብሎ "ይቀመጡ እመቤቴ፣ ለምን ይደክማሉ" አላት። በዳዴ ከምትሄድበት ጀምሮ አንቺ ሲላት የኖረ ሰው።

አሁን ከሰዓት ከሰዓት በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ። ሥራዋን በግማሽ ቀን አድርጋዋለች። አንድ ቀን ብርቱካን ስትልጥለት ቆይቶ ጠጋ አላት፤ ምሥጢር እንደሚያወራ ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እርስዎ ቢሮ ሠርተው ያውቃሉ?"

"ሠርቻለሁ።"

"እኔ ትልቅ ሰው ነበርኩ። የዚህ ከተማ ውሃ ሳያስፈቅደኝ አይፈስም ነበር።"

"ሰምቻለሁ።"

"አንዲት ልጅ ነበረች እዚያ። በረኛ ናት። ያስተማርኳት እኔው ነኝ፤ እሷን የመሰለ ጎበዝ ዓይኔ አላየም።" ብርቱካኑን ተቀብሎ ሳይበላው ያዘው። "ሥራዬን ውጭ አስቀረችብኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም። ምን እንዳስቀየምኳት ባስብ፣ ባስብ፣ አልመጣልህ አለኝ።"

ከዚያ ሁሉ ነገር ይቺ አንዲት ብቻ ናት የቀረችው። ስሙን ረስቷል፣ ይቺን አልረሳም።

"ምንም አላስቀየሟትም" አለችው።

"እርስዎ በምን ያውቃሉ?"

"አውቃታለሁ። አብረን ነበርን።"

"እውነት?" ፊቱ በራ። እጇን በሁለት እጁ ያዘው፤ በብርቱካኑ ጭማቂ ተጣበቁ። "እንግዲያው ይጠይቁልኝ። ቂም የለኝም በሏት፤ ምን እንዳደረግኳት ብቻ ትንገረኝ።"

"እጠይቅልዎታለሁ።"

"ዛሬውኑ ይሁን እባክዎ" አለ። "እኔ እረሳለሁ።"