ሙሴ የተባለው አያት

«እጅሽን ሰብስቢ» አለች የሺአረግ።

እጁ የአንዲት ነጋዴ ሴት ነበር። ለቅሶ ልድረስ ብላ ገብታ፣ ተምር ቀምሳ፣ «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» ካለች በኋላ እንደ ዋዛ ጣቶቿን ወደ ሟቹ ልጅ ወደ ኢዲል ፀጉር ልካለች። የኢዲል ፀጉር የበቆሎ ጢም ይመስላል። ቅንድቧም ሽፋሽፍቷም እንደዚያው ነው፤ ቆዳዋ ወተት።

«ልነካው ብቻ ነው አቦ» አለች ነጋዴዋ። «ለገበያ ሲሳይ ነው ሲሉ ሰምቼ።»

«ሲሳይ የፈለገ ሱቁን በጊዜ ይከፍታል።»

የሺአረግ የግቢው ጎረቤት ናት፤ ምላሷ ጥቁር ድንጋይ ይፈልጣል። ከሟቹ ከኢስሃቅ ጋር ዕድሜ ልካቸውን ሲሰዳደቡ ኖረዋል። ከትናንት በስቲያ ደም ግፊት በድንገት ሲጥለው፣ ከሚስቱ ቀድማ የጮኸችው ግን እሷ ናት።

ሚስቱ ሃዎ ጥግ ላይ ፍራሽ ይዛ ተቀምጣለች። ዓይኗ በሩ ላይ ነው። ልጇ ከተወለደች ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያን በር «ማነው?» ሳትል ከፍታ አታውቅም። የለቅሶ ቤት በር ግን አይዘጋም፤ ያወቀም ያላወቀም ይገባል። እሷ ደግሞ ባሏ የሞተባት ሴት ናትና ኢዳዋን እስክትጨርስ ለወራት ደጅ አትወጣም። ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጅቷን ማን ያደርሳታል? የሀዘኑን ያህል ይህ ያንገበግባታል።

እስካሁን የሚያደርሳት አባቷ ነበር። ኢስሃቅ ባጃጅ ነጂ ነበር ማለት አንበሳ ድመት ነበር እንደ ማለት ነው። እሱ ከከዚራ ሰፈር ሲነሳ የገንደ ቆሬ ዶሮዎች መንገድ ይለቁ ነበር። ቀብሩ ላይ የመጣውን ባጃጅ አንዳንድ ሰው ሃምሳ ነው ይላል፤ እንዲህ የሚል ሰው ወይ መቁጠር አያውቅም ወይ ቀንቷል። የከተማው ባጃጅ በሙሉ ነው የመጣው፤ ያን ቀን ድሬዳዋ በእግሯ ሄደች።

ኢዲል ስትወለድ አዋላጇ ጨርቁን ገልጣ ዝም አለች። ዝምታው ከእናትየዋ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። ግማሹ ሰው «ጂን ለውጧት ነው» አለ። ግማሹ ሃዎን እያየ፣ ያኔ አዲሱን ሐዲድ ሲዘረጉ የነበሩትን ቻይናዎች አስታወሰ፤ የቻይና ፀጉር ጥቁር መሆኑን ግን ያስታወሰ የለም። አንዱ አዋቂ ነኝ ባይ ደግሞ የእንዲህ ያለ ልጅ ፀጉርና ጥፍር ለሚያውቅበት ሰው ብዙ ዋጋ አለው ብሎ አወራ።

ኢስሃቅ ይህን በሰማበት ቀን መቃሚያ ቤት ገባና ገና ጫማውን ሳያወልቅ «አቦ፣ ልጄ አያቴን ቁርጥ» አለ።

«የትኛውን አያትህን?»

«ሙሴ ዣንን ነዋ። የምድር ባቡሩን።»

ድሬዳዋ ፈረንሳዩን ሁሉ ሙሴ ብላ የኖረች ከተማ ናት፤ ማንም አልሳቀም። ሙሴ ዣን በመጀመሪያው ሳምንት ፍሬን ያዥ ብቻ ነበር። ልጅቷ ስትድህ ባቡር ነጂ ሆነ፤ ትምህርት ቤት ስትገባ መሐንዲስ። ኢስሃቅ በሞተበት ሳምንት ከተማዋን በእርሳስ ነድፎ ጨርሶ፣ የከዚራን ዛፎች በገዛ እጁ እየተከለ ነበር። ውሸትም ሲቀልቡት እንደ ሰንጋ ይወፍራል።

ደግሞ በየመስቀለኛው መንገድ ባጃጁን ያቆም ነበር። «ልጄን ሰላም በሏት። የሙሴ ዘር ናት።» ትራፊኩ፣ ሻሂ ሻጯ፣ ታይዋን ገበያ ደጃፍ የስልክ ሽፋን የሚያዞሩት ጎረምሶች፣ ሁሉም ቀስ በቀስ በስሟ ይጠሯት ጀመር።

ሃዎ ይህን ትጠላ ነበር። «ሰው ደብቆ ያሳድጋል» አለችው አንድ ቀን፤ «አንተ እንደ ሎተሪ ታዞራታለህ።»

«የተደበቀ ነገር ሲጠፋ ማን ያውቃል ሃዎ?» አላት። «እሷ አንድ ቀን ብትቀር፣ ድሬ ሁሉ የት ሄደች ማለት አለበት።»

ስለ ልጁ ሲያወራ ሳይቀልድ ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው። ለምን እንዳልቀለደ አልጠየቀችውም።

ከቀትር በኋላ የኢስሃቅ ታላቅ እህት ኹርሲ ከገጠር፣ ከጉርሱም በኩል ደረሰች። ኢስሃቅ ሚስቱን እዚያ ወስዶ አስተዋውቋል፤ ልጁን ግን አንድም ቀን አልወሰደም። አሮጊቷ አልቅሳ ስትበቃ፣ እጇን ሰብስባ የተቀመጠችው ነጋዴ ለማጽናናት ጎንበስ አለች።

«አይዞሽ እናቴ። የሙሴ ዘር አይጠፋም።»

ኹርሲ እንባዋን ጠረገች። «ነቢዩላህ ሙሳ? ዐለይሂ ሰላም። እኛ ዘራችንን እስከዚያ ድረስ አንቆጥርም፤ አባታችን ማሽላ ገበሬ ነው።»

«ነቢዩን አይደለም እናቴ፤ ፈረንሳዩን። አያታችሁን።»

«አያታችን ዑመር ነው። ፈረንጅ እኛ ዘንድ ምን ሊያርስ ይመጣል?»

የሺአረግ ነገሩን ልታድን ጣልቃ ገባች። «በእናታቸው በኩል ነው ያለው።»

«እናታችን ባቡር እንኳ ሳታይ ነው የሞተችው።»

ሴቶቹ ሃዎን አዩ፤ ከዚያ ልጅቷን። የፈረንጅ ዘር ከሆነች ፈረንጅ ናት፤ ፈረንጅ ደግሞ ለድሬ ብርቅ አይደለም። ካልሆነች ግን፣ ያ ሲወራ የኖረው ነገር ሁሉ ናት። ነጋዴዋ ከፍራሽ ወደ ፍራሽ ትንሽ ተንፏቀቀች፤ ወደ ልጅቷ።

ኹርሲ ኢዲልን ልብ ብላ ያየቻት ገና አሁን ነው።

«ዓናብ» አለች።

«ስሜ ኢዲል ነው አዳዳ» አለች ልጅቷ፣ የአባቷን እህት ፊት ለመለየት ዓይኗን አጥብባ።

አሮጊቷ ወደ ሃዎ ጆሮ ተጠጋች። «ዓናብ የምትባል እህት ነበረችን፤ ቁርጥ ይህችን። ሰው እንዳይወስዳት እናታችን ጓዳ ዘግታ አሳደገቻት። ምግቧን የሚያስገባላት ኢስሃቅ ነበር። አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ ጓዳው ባዶ ነው። ጎረቤት ወጥቶ እንዲፈልግ፣ ማን ጠፋች እንበል? መኖሯን የሚያውቅ የለም። እስከ ዛሬ ዱዓ አልተደረገላትም ልጄ።»

ሃዎ ባሏ በየመስቀለኛው ሲለፈልፍ ቀልደኛ ነው፣ ጉረኛ ነው ስትል ኖራለች። ለካ እየተጣራ ነበር። እህቱን የሚፈልግለት ጎረቤት አጥቶ ያደገ ሰው፣ ለልጁ ከተማ ሙሉ ጎረቤት አስቀድሞ እየሰበሰበላት ነበር።

ከመጋረጃው ማዶ፣ ከወንዶቹ በኩል፣ ሼኹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዱዓ ልናደርግ ነው። ከኢስሃቅ ጋር ስሙ የሚነሳ ሌላ ሟች አላችሁ?»

ሃዎ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ የእሷንም ድርሻ ባሏ ይጮህላት ነበር። «ዓናብን ጨምሩልን» አለች።

«ዓናብ ማን ናት?»

«የኢስሃቅ እህት። ልጄን የምትመስል።» ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ሙሴ የሚባል አያት የለም። ባለቤቴ ነው የፈጠረው። ልጄ የሰውነት ቀለም አንሷት ነው የተወለደች፤ ከአባቷም ከኔም የመጣ ነው ብሎናል ሐኪሙ። ፀሐይ ያቃጥላታል፤ ዓይኗ ከሩቅ አያይላትም። በቃ፣ ሌላ ምንም የላትም። ፀጉሯም ፀጉር ነው። እኔ ኢዳ ላይ ነኝ፤ ትምህርት ቤት በእግሯ ትሄዳለች። በደጃችሁ ስታልፍ ጥሯት። ካላለፈች መጥታችሁ ጠይቁኝ።»

«ብቻዋን ልትሄድ?» አለች የሺአረግ። «እኔ ጠዋት ጠዋት ምን ሥራ አለኝና?»

ነጋዴዋ የጭኗን ሻርፕ ስታስተካክል ቆየች። «ሱቄ አስፋልቱ ዳር ነው» አለች በመጨረሻ፣ ማንንም ሳታይ። «ስትሻገር አያታለሁ።»

ሼኹ ጀመሩ። ዱዓ በማስረዘም ከድሬ እስከ ጅቡቲ አቻ የላቸውም፤ ሲጀምሩ ሕፃን የነበረ ሲጨርሱ ጢም አውጥቶ ይገኛል። መጀመሪያ ኢስሃቅን አነሡ። ቀጥለው፣ ቆም ብለው፣ ዓናብን። ኹርሲ አንገቷን ደፋች።

ኢዲል እንደ ትልልቆቹ ሁለት መዳፏን ዘርግታ ነበር። ዱዓው ሲረዝም ቀጫጭን ክንዶቿ ይንቀጠቀጡ፣ ዝቅ ዝቅ ይሉ ጀመር፤ እሷ ግን አላወረደቻቸውም። ሃዎ አንድ መዳፏን ለአሚን ዘርግታ፣ ሌላውን በልጇ ክርን ስር አስገባች። ዱዓው እስኪያበቃ ደግፋ ያዘችው።