የእጀታው ቁመት

ልብስ ሰፊው ሦስተኛዋን ሳይክል በሱቁ መተላለፊያ እየገፋ ነው። ላይዋ የተቀመጠችው የሦስት ዓመት ሴት ልጁ ፔዳሉን በጫማዋ ጫፍ ስትፈልግ፣ እሱ የሚያየው እሷን አልነበረም፤ ከኋላ የቆመውን የመግፊያ እጀታ ነበር።

«ይቺ ቢጫዋ አሪፍ ናት» አለች ሻጯ። «እጀታዋ እንደ አንቴና ይመዘዛል። አጭርም ረጅምም ሰው ይገፋታል።»

ረጅም የሚለው ቃል ጆሮው ላይ እንደ መርፌ ተሰካ።

ረጅሙ ሰው የልጅቷ እናት አዲስ ባል ነው። ልብስ ሰፊው ትዳሩ በፈረሰ በዓመቱ፣ ይህ ሰው የበሩን ጉበን ላለመግጨት ጎንበስ ብሎ ወደ ሕይወታቸው ሲገባ «ቀጭኔው» የሚል ስም አወጣለት። ስድቡ በጣም ስላስደሰተው በልጁ ፊትም ደጋገመው። ባለፈው እሁድ ታዲያ ሰውዬው ሊወስዳት ሲመጣ ልጅቷ «ቀጭኔዬ!» ብላ ሮጣ እግሩ ላይ ተጠመጠመች። የገዛ ስድቡ ቁልምጫ ሆኖ ሲመለስ ቆሞ አየ።

ይህችም ሳይክል የምትነዳው እዚያ፣ እነሱ ግቢ ነው። ገዢው እሱ፣ ገፊው ቀጭኔው።

«ያቺስ?» ብሎ ጥግ ወዳለችው ግራጫ ሳይክል ጠቆመ።

«እሷ? እጀታዋ አይመዘዝም እኮ። ለእርስዎስ ይሆናል፤ ትንሽ ረዘም ያለ ሰው ግን ወገቡን ነው የምትጨርሰው።»

«ወገቡን?» ፊቱ በራ።

ሰውን በዓይኑ የሚለካ ባለሙያ ነው፤ የባላንጣውን ቁመት ያለ ሜትር ያውቀዋል። ያንን ቁመት በሐሳቡ ግራጫዋ ሳይክል እጀታ ላይ ቢያስጠጋው፣ እንደተተኮሰ ሱሪ ለሁለት ታጠፈለት።

«አባዬ፣ ቢጫዋን» አለች ልጅቷ።

«ቢጫ ቶሎ ይቆሽሻል፣ የኔ እመቤት።»

«ቢጫዋን።»

«ይቺ እኮ ደወል አላት፤ ስሚያትማ!» ደጋግሞ አቃጨለው።

ልጅቷ ቢጫዋን አየች፤ ደወሉን አየች፤ እንደ ትልቅ ሰው በረጅሙ ተነፈሰች። «እሺ።»

ያቺ «እሺ» ትንሽ ቆነጠጠችው። የቅናት ቆዳ ግን ወፍራም ነው።

ከሰዓት በኋላ እናትየዋና ባሏ ልጅቷን ሊወስዱ ልብስ ስፌት ቤቱ በር ላይ ደረሱ።

«ኧረ ሳይክል!» አለ ቀጭኔው። «ወንድሜ፣ ምነው ተቸገርክ?»

«ምን ችግር አለው። በል እስቲ ግፋት» አለ ልብስ ሰፊው፤ ለማየት እንዲመቸው ወደ ውጭ ወጣ ብሎ።

ልጅቷ ግራጫዋ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ሰውዬው እጁን ወደ ሳይክሏ ኋላ ሰደደ፤ አየር ጨበጠ። ጎንበስ አለ፤ አልደረሰም። ደግሞ ጎንበስ አለ። ወገቡ ልብስ ሰፊው በለካው ቦታ፣ ሳይዛነፍ ታጠፈ።

«ኧረ ወገቤ!» አለ ሰውዬው እየሳቀ። ልብስ ሰፊው ደስታውን በሳል ሸፈነ።

ሳይክሏ ተንቀሳቀሰች። ያኔ ነው ያላሰበው የታየው። ቀጥ ብሎ ቢገፋት ኖሮ የሰውዬው ድምፅ ከላይ፣ ከሩቅ ይመጣባት ነበር። አሁን ግን እንደዚያ እንደታጠፈ አገጩ ትከሻዋ ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረው። የሆነ ነገር ሹክ አላት። ልጅቷ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች፤ አባቷ ዘንድ ስቃው የማታውቀውን፣ ከሆድ የሚፈልቅ ሳቅ።

«ምን አላት?» አለ ልብስ ሰፊው።

እናትየዋ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች «እኔ ምን አውቄ፤ የእነሱ ወሬ መች ያልቅና» ብላ ተከተለቻቸው።

በእግረኛው መንገድ ራቁ። ልጅቷ ዞር ብላ፣ እዚያው አጠገቧ ላለው ጆሮ መልስ ሰጠች። ልብስ ሰፊው አንገቱን አሰገገ፤ ጆሮውን አዘነበለ፤ ከዚያም ሳይታወቀው ከወገቡ ጎንበስ አለ።

ጎረቤቱ ጫማ ጠጋኙ ቀና ብሎ አየው። «ምን ወደቀብህ፣ ጎበዝ?»

«ዝም በልማ» አለ፣ እንዳጎነበሰ። «ልስማበት።»